«ምነው ጠፉ?»

የሥራዬ መጠሪያ «የተጠቃሚዎች ግንኙነት ኃላፊ» የሚል ነበር። ሥራው በአጭሩ የጠፋ ሰው መፈለግ ነው። አንድ ሰው አፓችንን ስልኩ ላይ ይጭናል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይገባል፣ ፎቶውን ይሰቅላል፣ ከዚያ ይቀራል። እኔ እንዳይቀር ማድረግ ነበረብኝ። እንዴት እንደሚደረግ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከፋብሪካ ጸሐፊነት የገላገለኝ ሥራ ስለነበር ብዙ መጠያየቅ አልፈለግሁም።

ቢሯችን ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፍራሽ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአፓችን ማደሪያ የሆነ፣ ሌት ተቀን የሚያጓራ ሰርቨር። ክፍሏን የሚያሞቃት እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን ከጀርባው በሚወጣው ትንፋሽ ካላሞቅሁ መተየብ አልችልም ነበር። ጋቢ ደርቤ ስሠራ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይስቃል። የደብረ ብርሃን ሰው ምን ያስቀዋል፣ እሱም ደርቧል።

አለቃዬ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ከሌላ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ «አለቃዬ» የምለውም ላበሽቀው ነው። ትልልቆቹ መድረኮች ላይ የሚወርደው ስድብ ሰለቸኝ አለና የራሱን ትንሽ መድረክ ሠራ። ስሙን «የእኛው» አለው። ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበር፣ ለደብረ ሲና፣ ለሰላ ድንጋይና ለለሚ ሰው የሚሆን፤ የገበያ ወሬ፣ የለቅሶና የሠርግ ጥሪ፣ የመንገድ ሁኔታ የሚነገርበት። የእያንዳንዱ ሰው ገጽ «ደጅ» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ደጅህ ላይ ቆሞ ይጽፍልሃል፣ የጻፈውን መንገደኛውም ሁሉ ያየዋል። ደጅ የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያንን ያህል እንኳ ልመስገን።

አለቃዬ ሁልጊዜ የሚያስበው አዲስ ሰው ስለ ማምጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ያስጽፋል፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት ቆሞ ያስተዋውቃል። ሰው ይመጣል። የመጣው በአንድ በር ሲገባ የነበረው በሌላው ይወጣል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አልሁት አንድ ቀን። ተረቱን ሲያጠና ዋለና ማታ «እሺ፣ የብብታችንን እንዴት እንያዝ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። አባቴ አንኮበር ገጠር ውስጥ ቄስ ነበር፤ የንስሐ ልጆቹ በየሸንተረሩ ተበትነው ነው የሚኖሩት። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲቀርበት «ለምን ቀረህ?» አይልም። ያን ሁሉ አቀበት በእግሩ ይወጣና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ምነው ጠፋህ?» ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም። ሰውየው ታሞ ይሁን፣ ተጣልቶ ይሁን፣ ሰንፎ ይሁን፣ በሚቀጥለው እሑድ መጥቶ ይቆማል። እኛ አገር ጠፋህ ሲሉህ ትንሽ ታፍራለህ፣ ትንሽም ደስ ይልሃል። ቦታህ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው አለ ማለት ነው።

ይህንን ስነግረው አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። ሁለት ሳምንት ላልገባ ሰው መሣሪያው ራሱ «ምነው ጠፋህ?» ብሎ ይላክ አለ። ጥሩ፤ ግን ከተጠቃሚዎቻችን ግማሹ ሴት ነው። ማን ወንድ፣ ማን ሴት እንደሆነ መሣሪያው አያውቅም። «ጠፋህ፣ ከዚያ በእዝባር ሽ እናድርገው» አለኝ።

«ሰውን በእዝባር የሚጠራ ቀበሌ ብቻ ነው» አልሁት።

ስንከራከር ውለን አንቱታው ላይ ተስማማን። «ምነው ጠፉ?» ይባል፤ አክብሮት ማንንም አያስቀይምም፣ ቢበዛ ወጣቱን ያስቀዋል። ስልኩ ላይ ብቅ በምትለው ትንሽ መስኮት ረጅም ነገር ስለማይታይ ሌላ ቃል አልጨመርንም። የመድረኩ ስም ከፊት ይመጣል፣ ጥያቄው ይከተላል። የእኛው፦ ምነው ጠፉ? ይኸው ነው።

ሠራ። ደንቆኝ ሞትሁ ልል አልችልም፤ የአባቴን ጥበብ ለመሣሪያ ሸጥሁት ብዬ ትንሽ አፍሬም ነበር። ግን ሠራ። «አለሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያሉ የሚመልሱ ነበሩ፣ መሣሪያ መሆኑን እያወቁ።

ሰውን ይዞ ለማቆየት ግን ከመሣሪያውም ከእኔም የሚበልጥ አንድ ሰው ነበረን። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲና ቁልቁል ይመላለሳል። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። ማለዳ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ጣርማ በር ሲደርስ የጉሙን ነገር ይጽፋል። «ጉም ነው። ቀስ በሉ።» ወይም «ገልጧል።» ሌላ ወሬ የለውም። ከተማው ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ፣ መንገደኛ ያለበት ቤትም ሁሉ፣ ቁርሱን ሳይቀምስ እሱ ምን አለ ብሎ አፓችንን ይከፍታል። መኪናም መንገደኛም የሌላት እኔ እንኳ ከፍቼ አየው ነበር። አንዳንዱን ሰው ሳታውቀው ትለምደዋለህ፤ ለምጄው ነበር።

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ለምን እንደ ጠፋ የማያውቅ የለም፣ እኔም አልደግመውም። ወራት ሆነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። እኔ በየቀኑ ቢሮ እሄዳለሁ። የሚገባ ሰው የለም፣ የሚጽፍ የለም፣ ሰርቨሩ መብራት ባለ ጊዜ ለራሱ ያጓራል። አለቃዬ «እናጥፋው እንዴ?» ሲለኝ «ጣቴን ምን ላይ ላሙቅ?» አልሁት። ቀልዴን ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

በዚያ ወራት ጠፋ የማይባል ነገር አልነበረም። መብራት ጠፋ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ ዘይት ጠፋ፣ የእገሌ ልጅ ጠፋ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይነገራል፣ እኔም በአንድ ዓይነት ጆሮ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሰው መጥፋት ስሰማ እጄን አፌ ላይ አደርግ ነበር። በኋላ «ወይ ጉድ» ብቻ እላለሁ። ከዚያ እሱንም ተውሁት። ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ንፍሮ እበላለሁ፣ ተነሥቼ እመጣለሁ። ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ጠፍቶብኝ የጠየቅሁበት ቀን አለ። ብርድ እንዳደነዘዘው እግር ነበርሁ፤ መሬቱን መርገጤን የማውቀው ዓይኔን ጥዬ ሳየው ነው።

ኔትወርኩ የተመለሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮ ደርሼ ጋቢዬን ሳላስተካክል ኮምፒውተሩ ይንጫጫ ጀመር። መሣሪያው ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ያልገባውን ሁሉ ጠይቅ ተብሏል፤ ሁለት ሳምንት ያልገባው ደግሞ አገሩ በሙሉ ነው። እንዲያቆም ማድረግ ለእኔም ለአለቃዬም ትዝ አላለንም። ከደብረ ሲና እስከ ለሚ፣ ስልኩ ገና ብልጭ ሲል፣ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ያነበበው የእኛን መልእክት ነው። የእኛው፦ ምነው ጠፉ?

አለቃዬ እየሮጠ መጣ። «ከግማሽ በላይ ከፍቶታል! እንዲህ ያለ ቀን ኖሮን ያውቃል?» አለ። አያውቅም። መልሶቹን ማንበብ ግን የእኔ ሥራ ነው። «የጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ ኔትወርኩ?» የሚሉ ቀልደኞች ነበሩ። «ማን ናችሁና ነው ጠፉ የምትሉኝ?» ብለው የተቆጡም ነበሩ። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ወንድሜ አርፎ ነው። አባታችን አርፈው ነው። ቤታችንን ለቀን ሰው ቤት ነን። እያንዳንዱ ጠፉ ስለተባለ የጠፋበትን ምክንያት ያስረዳል፣ አንዳንዱም ይቅርታ ይጠይቃል። እኛን!

«ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናናዎ» ብዬ አንድ ጊዜ ጻፍሁና ለእያንዳንዱ እየገለበጥሁ ለጠፍሁ። እጄ ይሠራል፣ ሌላው አካሌ የለም። ሰዉ ደግሞ የአንዱን ሐዘን በሌላው ደጅ ሲሰማ ለቅሶ መድረስ ጀመረ፤ መንገድ ስለተዘጋበት በጽሑፍ ይደርሳል። ቁጥራችን ወጣ፣ ወጣ። አለቃዬ ቁጥሩ ለምን እንደወጣ ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

በዚያው ሳምንት አርብ ዕለት በሩ ተንኳኳና አንዲት ሴትዮ ገቡ። ራሳቸውን በጥቁር ሻሽ ጠቅልለው፣ በብርዱ እየተንዘፈዘፉ፣ በእጃቸው ሎሚ የሞላ ፌስታል ይዘዋል። ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርዶ ካለው ቆላ ነው የመጣሁት አሉ፤ አንኮበር ዘመድ ቤት አድረው፣ ጠዋት በሚኒባስ።

«የእኛው የሚባለው ቤት ይኸ ነው?»

«ነው፣ እማማ፤ ይቀመጡ» አልኋቸው።

አልተቀመጡም። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። መስተዋቱ ላይ የእኛ መልእክት እንዳለ ነው፤ እንዳይጠፋባቸው ብለው ሌላ ነገር አልነኩም። «መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ለይቻለሁ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ» አሉና ከቃል ቃል ጣታቸውን እያሳለፉ አነበቡልኝ። «የእኛው፣ ምነው፣ ጠፉ። ይኸን የላከው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ፌስታሉን እግራቸው ሥር አኖሩ። «እንግዲያ ወሬያቸውን ሰምታችኋል ማለት ነው።»

«የማንን ወሬ፣ እማማ?»

«የልጄን ነዋ፣ ይኸን ስልኬ ላይ የጫነልኝን። የልጄንና የረዳቱን። መኪናዋን ይዘው እንደወጡ ቀሩ። ያየ ሰው ብንጠይቅ፣ ብናስጠይቅ፣ የለም። እናንተ ግን ምነው ጠፉ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ሰው የማያውቀውን አይጠይቅም ብዬ መጣሁ።»

ሁለቱን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ተከራክሬባቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እሳቸው እንዳነበቧቸው ግን አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። ለአንድ ሰው አክብሮት ብለን የጨመርናት ድምፅ ለብዙ ሰውም የምትሆን ናት። ይህንን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያውቀዋል።

የልጃቸውን ስም ነገሩን። አለቃዬ ከማሰቡ በፊት አፉ ቀደመው፤ «ጉም ነው የሚለው!» አለ።

የሴትዮዋ ፊት በራ። «ታውቁታላችሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አለቃዬ አንገቱን ደፋ፣ ነገሩን ለእኔ ተወው። ተናገርሁ። ስናገርም ምንም አልተሰማኝም፤ የሚኒባስ መነሻ ሰዓት እንደምነግር ሆኜ ነው የተናገርሁት።

«እማማ፣ ጥያቄው ስለነሱ አይደለም። ለእርስዎ ነው። እርስዎን ነው ምነው ጠፉ ያልነው።»

«እኔን?»

«አዎ። ብዙ ጊዜ ስላልገቡ።»

«እኔ ምን እጠፋለሁ፣ ልጄ? እኔ ከቤቴ ንቅንቅ አላልሁም። ሲመጣ እንዳያጣኝ ብዬ ገበያ እንኳ አልወጣሁ። ዛሬ ነው የወጣሁት።»

«መሣሪያው ነው የላከው። ሁለት ሳምንት ላልገባ ሰው ሁሉ ራሱ ይልካል።»

«መሣሪያው» አሉ። ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ መልሰው ገለበጡት። እንዲቆጡኝ እየጠበቅሁ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም። የሻሻቸውን ጫፍ መለስ አድርገው «የእሱን ደጅ አሳዪኝ» አሉ።

ከፈትሁላቸው። ወንበራቸውን አስጠጉና የልጃቸውን የመጨረሻ ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ጠዋት የጻፈው ነው። «ገልጧል። መሄድ ይቻላል።» ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከሥሩ የእኛ መሣሪያ የጻፈው አለ፤ «ምነው ጠፉ?» ከአጠገቡ በትንሽ ፊደል «አልተከፈተም» ይላል።

«ለእሱም ጠይቃችኋል?»

«ተጠይቋል።»

«ሲያየውስ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን። ተከፍቷል ይላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ፣ ጠፉ በምትለው ቃል ላይ አኖሩ። «ይኸን አንሱት። እሱን ጠፉ አትበሉት። ምን እንግዳ ነው? ልጅ እኮ ነው። ጠፋህ በሉት።»

«እሺ።»

«አርብ አርብ ጠይቁልኝ። እኔ ብጠይቀው እናቴን አሳሰብኋት ብሎ ይብስ ይደበቃል። መኪናዋ የሰው ናት፤ አንድ ነገር ደርሶባት ፈርቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሰው ሲጠይቀው ነው የሚመልሰው።»

አለቃዬ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ጻፍሁ። ምነው ጠፋህ? እያንዳንዷን ፊደል ስትወጣ አዩዋት። ከተላከ በኋላም ከወንበራቸው አልተነሡም፤ አልተከፈተም የምትለውን ቃል እያዩ ቆዩ። ሻይ አስመጣሁላቸው፣ በረደ። ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ስንሰጋ ተነሡ። ሎሚውን ትተውልኝ፣ በሩ ላይ ዞር ብለው «ጠያቂ አያሳጣሽ» አሉኝ። ከልማድ አሜን አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርብ አርብ እጽፍ ነበር። ቢሮ እገባለሁ፣ ጣቴን አሞቃለሁ፣ የእሱን ደጅ እከፍታለሁ፣ ምነው ጠፋህ እላለሁ። አልተከፈተም። በሚቀጥለው አርብ እንደገና። ተስፋ አድርጌ ነው ልል አልችልም፤ ተስፋ መቁረጥም አልነበረም። ቃል ገብቼ ነበር፣ አደርገዋለሁ። ሴትዮዋ በየአርቡ እየገቡ እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ የገባ ሰው ዱካው ይታየኛል። ልጃቸው ደጅ ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ይወጣሉ። በዱሮ ጊዜ ለሹመት ደጅ የሚጠኑ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ለልጃቸው ደጅ ይጠናሉ። ምንም አይጽፉም።

ሌላው ሰው እየቀረ ሄደ። የለቅሶው ሰሞን ሲያልፍ የመጣው ሁሉ ወደ ትልልቆቹ መድረኮች ተመለሰ፤ ስድቡም እዚያ ነው፣ ዘመዱም እዚያ ነው። የጉም ወሬ የሚጽፍ ሌላ ሾፌር ፈልገን ነበር። አንዱ ጥቂት ሰሞን ጻፈ፣ ነገሩን እያስረዘመ፣ ሰው ሰለቸው። አለቃዬ በገንዘብ ለሚደግፉን ሰዎች የሚያሳየው ቁጥር አጠረው። አንድ ቀን «ዝርዝሩን እናጽዳ። የሞቱ አካውንቶች ሲወጡ ቁጥሩ ያምራል» አለኝ።

በሙያው እንዲህ ነው የሚባለው፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት የሞተ ይባላል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ራሴም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ብድግ አልሁ።

«ሞተ አትበል!»

«እኔ እኮ የምለው አካውንቱን…»

«አውቃለሁ የምትለውን። እሱን አትነካውም። ሌላውን እንደፈለግህ አጽዳ፣ የእኔንም ጭምር አጽዳ። እሱን ግን አትነካውም።»

ጮኼ ነበር፤ ከታች ያለው የፍራሽ ነጋዴ ምን ሆናችሁ ብሎ ወጣ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣና «እሺ፣ አልነካውም» አለ። ሌሎቹን አጸዳ። እኔ ተቀመጥሁ፣ ቁጣውም ወዲያው ለቀቀኝ፣ እንደገና ምንም አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ አለቃዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ። ሰርቨሩን ለእኔ ተወልኝ። «መዝጋት ስትፈልጊ ይኸንን ትጫኛለሽ» ብሎ አሳየኝ። እኔም ፋብሪካው ውስጥ ወደ ቀድሞ ወንበሬ ተመለስሁ፤ ከሥራ ስወጣ ከፍራሽ መሸጫው በላይ እወጣለሁ። የሚገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አርብ ሲሆን እጽፋለሁ።

አንድ አርብ አልጻፍሁም። አልታመምሁም፣ ሥራም አልበዛብኝም። ቢሮው ድረስ ወጥቼ፣ ደጁን ከፍቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። በአንድ ሰው ደጅ ላይ ከላይ እስከ ታች ምነው ጠፋህ፣ ምነው ጠፋህ፣ ምነው ጠፋህ ተጽፎ ሳየው የእኔ ጽሑፍ አልመስል አለኝ። መሣሪያው የጻፈው ይመስላል። ያን ያህል ጊዜ ጠይቄ አንድም ቀን ከልቤ ጠይቄው እንደሆነ አላውቅም። ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በሚቀጥለው አርብ ጭራሽ አልወጣሁም፤ ከሥራ በቀጥታ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፣ እኔም እንዲሉኝ አልጠበቅሁም።

ሰኞ ዕለት የወጣሁት ልዘጋው ነው። እውነቱ ይህ ነው። አለቃዬ ያሳየኝን ነገር አስታውሼ፣ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ኮምፒውተሩን ስከፍት የእኔ ደጅ ላይ አዲስ ጽሑፍ አለ ይላል። እኔ ስንቱን ሰው ስጠይቅ የኖርሁ ነኝ፤ የራሴ ደጅ ላይ ግን የጻፈ ሰው ኖሮ አያውቅም። የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ናቸው። ለመጻፍ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው አላውቅም። ነጥብ የለው፣ ቃሉ ከቃል ተጣብቋል፣ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ለያይቼ ሳነበው እንዲህ ይላል፦

«ልጄ ምነው ጠፋሽ ሁለት አርብ አልጠየቅሽውም እሱስ ይሁን አንቺ ደህና ነሽ ወይ»

እንደ እሳቸው ጣቴን መስተዋቱ ላይ አድርጌ ደግሜ አነበብሁት። አለቀስሁ። ለምን ለእሱ ሳላለቅስ፣ ለዚያ ሁሉ ለቅሶ ሳላለቅስ፣ ለዚህ እንዳለቀስሁ አላውቅም። ጋቢዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ሰርቨሩ እያጓራ፣ እስኪበቃኝ አለቀስሁ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግሁና ጣቶቼን አሞቅሁ።

መጀመሪያ እሱ ደጅ ሄድሁ። ሰኞ ቢሆንም ጻፍሁ። «ምነው ጠፋህ? እናትህ ደህና ናት፤ ቤቷ ነው ያለችው።» አልተከፈተም ይላል።

ቀጥሎ ለእሳቸው መለስሁ። ብዙ ነገር ልጽፍ አሰብሁና ሁሉንም አጠፋሁት። «አለሁ፣ እማማ» አልሁ። ላክሁት።

ወዲያው ተከፈተ።